ስለ ቤት ዜማና ስለ ቫልቭ መሣሪያ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ውርጌሳ የአምባሰል ጎረቤት ናት። ከታወቁት አራት የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፥ ማለት አምባሰልና ባቲ፥ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ስለ ሆነ፥ በዚህ አገር ለሚኖር ሽማግሌ ማታ ዜማ መስማት የጨዋታ ትርፍ ሳይሆን እንደ እራት የሚቈጠር ነገር ነው።

ስለዚህ አባታችን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ፥ ልጆቹ ሙዚቃ በከፈቱ ቍጥር «ዝጉት» እያሉ ወደ መኝታቸው መግባት ባዘወተሩ ጊዜ፥ በቤታችን ትልቅ ጉድለት ሆነ። ዜማው ሲቆም፥ እርሳቸው በዜማው መካከል የሚያወሩት የጥንት ታሪክና የዘር ቈጠራ አብሮ ቆመ፤ ልጆቹም ይህን የሚሰሙበት ሌላ ሰዓት የላቸውም። ጠጋ ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ዝቅ ስታደርጉት ቃሉ አይሰማኝም፤ ከፍ ስታደርጉት ደግሞ ማሲንቆው ጆሮዬን እንደ ወስፌ ይወጋኛል» አሉኝ። ጆሮ ሲያረጅ ዝግ ያለውን ድምፅ እየሳተ ከፍ ያለው ግን ከመጠን በላይ እንዲያውከው በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ እኛም አሳየን።

ከዚህ በኋላ አንድ ወዳጄ የቫልቭ መሣሪያ እንዳስገባ መከረኝ። ቫልቭ ማለት አየሩ ተመጥጦ የወጣለት፥ አምፑል የሚመስል የብርጭቆ ብልቃጥ ነው። የመጀመሪያውን እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. ሠራ፤ በ1906 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዲ ፎረስት ሦስተኛ ክፍል ስለ ጨመረበት ደካማውን ድምፅ ለማጉላት የሚበቃ ሆነ። በ1935 ዓ.ም. የአቃቂ ሬድዮ ጣቢያ ሥራውን ሲጀምር የዘመኑ ሬድዮ ሁሉ የሚናገረው በቫልቭ ነበር። በ1947 ዓ.ም. ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ ወዲህ ግን እየተተወ ሄደ።

አንባቢ ሆይ፥ በዲጂታል ድምፅ ላይ ብዙ ሐሜት ይነገራል። ሲዲ ድምፁን በሴኰንድ 44,100 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘግባል። ከዚህ የተነሣ ድምፁ እንደ ደረጃ ተቈራርጦ ይወጣል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ልክ አይደሉም፤ መሣሪያው መልሶ ሲያወጣው አለስልሶ ነውና። የእኛን ቤት ያሻከረው ሌላ ነበር፤ ይኸውም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የተገለበጠው ዜማ ቦታ እንዳይፈጅ ተብሎ ብዙ ነገር የተጣለለት መሆኑና የሳሎኑ ግድግዳ ባዶ ሲሚንቶ መሆኑ ነው። የተጣለውን ደግሞ ቫልቭ ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያ፥ በ1969 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአምሃ እሸቴ የሸክላ ቤት ካሳተማቸው ብዙዎቹ የሚገኙበትን፥ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣውን «ኢትዮፒክስ» የተባለ ተከታታይ ሲዲ ፈልጌ አገኘሁ፤ በግድግዳውም ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልሁ።

ቫልቩን ያስገባሁት በመጨረሻ ነው፤ የተቀመጠውም በሲዲ ማጫወቻውና በአምፕሊፋየሩ መካከል ነው። ሥራው በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ በእጥፍ ከፍ ያለውን የራሱን አምሳያ ጥቂት መጨመር ነው፤ ይህም ከዜማው ጋራ ስለሚስማማ ድምፁ የወፈረና የሞቀ ይመስላል። በሸክላው ላይ ያልነበረ ነገር ጨመረ ብለው የሚነቅፉት ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን በወጥ ላይ ቅቤ ያከለ ሰው ወጡን ዋሸበት አይባልም። አባታችን በመጀመሪያው ማታ እስከ ፍጻሜው ተቀምጠው፥ «አሁን ማሲንቆው ከጓዳ የሚመጣ መሰለ» አሉ፤ ከዚያም ያቋረጡትን የዘር ቈጠራ ቀጠሉ። እንደ እኔ ግምት ከጥቅሙ ብዙው የመልካሙ ቅጂና የመጋረጃው ነው፤ እርሳቸው ግን ምስጋናውን ሁሉ ለሚያበራው ብልቃጥ ሰጡት፤ እኔም አልተከራከርኋቸውም።

ልጆች ባሉበት ቤት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ200 ቮልት በላይ ኃይል አለ፤ ሽቦው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ካፓሲተር በተባለው ክፍል ውስጥ ተቋጥሮ ይቈያል፤ ስለዚህ ክዳኑን ባለሞያ ካልሆነ ማንም አይክፈተው። ብልቃጡም ስለሚግል በላዩ ጨርቅ ማልበስ አይገባም። መብራት ከፍና ዝቅ በሚልበት ከተማ ደግሞ ስታቢላይዘር መግዛት ይሻላል፤ እኛ ከቁም ሳጥኑ በላይ፥ የልጅ እጅ ከማይደርስበት ቦታ፥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠናቸዋል።