ውጤቱ የማይቆጠር ጨዋታ

የሲያትል ዝናብ በየካቲትም በመጋቢትም አያባራም። ስለዚህ የከተማው የቤዝቦል ቡድን ማሪነርስ በየካቲት አጋማሽ ጓዙን ጠቅልሎ አሪዞና በረሃ ይወርዳል፤ አቅም ያለው ደጋፊም ይከተለዋል። እኔም ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ተከተልኩ። በረራው ሦስት ሰዓት ግድም ነው። ከተሳፋሪው ብዙው ጡረተኛ፣ ብዙው ደግሞ የማሪነርስን ቆብ ያጠለቀ ነበር። ፊኒክስ ልንደርስ ስንል በመስኮት የሚታየው ምድር ሁሉ ቡናማ ነው፤ ራቁቱን የቀረ ተራራ፣ የደረቀ ወንዝ፣ በመካከሉ እንደ ምንጣፍ የተዘረጉ አረንጓዴ ሜዳዎች።

ስፕሪንግ ትሬኒንግ ዋናው ውድድር ከመከፈቱ በፊት የሚደረግ የስድስት ሳምንት ገደማ ዝግጅት ነው። ከሜጀር ሊጉ 30 ቡድኖች 15ቱ ፍሎሪዳ፣ 15ቱ አሪዞና ይከትማሉ። የአሪዞናው በበረሃው ቁልቋል ስም ካክተስ ሊግ ይባላል። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ያኔ የክሊቭላንድና የኒው ዮርክ ጃያንትስ ቡድኖች ፍሎሪዳን ትተው ወደዚህ መጡ። ዛሬ 15ቱም ቡድኖች ፊኒክስ ዙሪያ ስለተሰበሰቡ ጧት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ማየት ይቻላል።

አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ የድሮ ጎረቤቴ ነው። ፊኒክስ ከከተመ ቆይቷል፤ ቤዝቦል ግን አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። ለእሱ ኳስ ማለት ጊዮርጊስና ቡና ነው። መኪና ውስጥ የመጣሁበትን ጉዳይ ሳስረዳው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ቆይ፣ ያሸነፈው ቡድን ነጥብ አያገኝም?»

«አያገኝም።»

«እኩል ከሆኑስ?»

«እኩል ወጥተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።»

«ታዲያ አንተ ከሲያትል ድረስ ምን ልታይ መጣህ?»

መልስ ነበረኝ፤ ግን ለሰው ከመናገር ማሳየት ይቀላል ብዬ ዝም አልኩ።

ፒዮሪያ ከፊኒክስ ሰሜን ምዕራብ ያለች ከተማ ናት። የስፖርት ግቢዋ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲከፈት፣ ለሁለት ቡድኖች ታስቦ የተሠራ የመጀመሪያው የስፕሪንግ ትሬኒንግ ግቢ ነበር፤ ማሪነርስና የሳን ዲዬጎ ፓድሬስ እስከ ዛሬ አብረው ይኖሩበታል። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ ከስታዲየሙ ጀርባ ባሉት የልምምድ ሜዳዎች ሥራ ተጀምሯል። አንዱ ሜዳ ላይ ወርዋሪዎች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ አሠልጣኙ ኳስ በመሬት ይሰድዳል፣ ወርዋሪው ሮጦ የመጀመሪያውን ቤዝ ይሸፍናል፣ ቀጣዩ ይገባል። ሚሊዮኖች የሚከፈለውም፣ ትናንት ከኮሌጅ የመጣውም ያችኑ አሥር እርምጃ ይደጋግማታል። ግማሽ ሰዓት ቆሜ አየሁ፤ አልሰለቸኝም።

ከዚያ ወደ ወርዋሪዎቹ ማሟሟቂያ ተጠጋሁ። ቤዝቦልን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ሰው ፍጥነቱን አያውቀውም። እዚህ አጥሩን ተደግፈህ ስትቆም፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበረው ኳስ የተቀባዩን ጓንት ሲመታ ድምፁ ደረትህ ውስጥ ይገባል። ከወርዋሪው ጉብታ እስከ መቺው ያለው ርቀት 18 ሜትር ተኩል አይሞላም፤ መቺው ኳሱን ለማየትም፣ ለመወሰንም፣ ለመምታትም ያለው ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ከአሥር ጊዜ ሦስቱን የመታ ሰው ጎበዝ የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ግቢ ኢቺሮ ሱዙኪን ያየ ነው። ጃፓናዊው እ.ኤ.አ. በ2001 እዚህ ሲመጣ የሚመታቸው ኳሶች ሁሉ ወደ ሜዳው ግራ ይሄዱ ስለነበር፣ አሠልጣኙ ሉ ፒኔላ «ይህ ሰው የአሜሪካን ፍጥነት አይችለውም ይሆን?» የሚል ስጋት ገብቷቸው ነበር ይባላል። በዚያው ዓመት ኢቺሮ 242 ጊዜ መትቶ የሊጉ ምርጥ ጀማሪም ምርጥ ተጫዋችም ሆነ፤ ማሪነርስም 116 ጨዋታ አሸነፈ። ሰውየው በልምምድ ወቅት ዓይኑንና እጁን እያላመደ ነበር እንጂ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ለሥራው የተጠነቀቀ ሰው ሁሉ እንዲህ ይመስለኛል።

ጨዋታው ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ተጀመረ። ወንበር አልገዛሁም፤ ከሜዳው ጀርባ ባለው የሣር ተዳፋት ላይ ተቀመጥኩ። ቤተሰብ ብርድ ልብስ አንጥፎ ልጆቹን ያንከባልላል፣ ሽማግሌዎች የፀሐይ ቅባት ይለቀለቃሉ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ሆት ዶጉም ናቾውም አልፈውኝ ሄዱ። ደግነቱ የቤዝቦል ዋናው ምግብ ከነቅርፊቱ የተቆላ ኦቾሎኒ ነው። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ስፖርት አላውቅም፤ መንገደኛ ነኝና የሰዓቱን ነገር እለፉልኝ።

የማሪነርስ ወርዋሪ ያንኑ ዘገምተኛ ውርወራ ደጋግሞ ወረወረ። ሁለተኛው ላይ በደንብ ተመታ፤ አራተኛው ላይ ኳሱ አጥር ተሻግሮ እኛ ሣሩ ላይ ያለን ሰዎች መሐል ወደቀ፤ ልጆች ተራኮቱበት። ወርዋሪው ግን ደንታም አልሰጠው። በዋናው ውድድር ቢሆን ፈጣኑን ኳሱን መልሶ ባወጣ ነበር፤ ዛሬ ግን የመጣው አንድ አዲስ ነገር ሊለማመድ ነው። በውጤት መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ተመታ» የሚል ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ አዲሱን ሕግም መጀመሪያ የሚቀምሱት እንዲሁ እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የውርወራ ሰዓት ቆጣሪ ሥራ ላይ ሲውል የመጀመሪያው ጥፋተኛ የፓድሬሱ ማኒ ማቻዶ ነበር፤ በጊዜ አልተዘጋጀህም ተብሎ ሳይወረወርበት አንድ ስትራይክ የተቆጠረበት እዚሁ ፒዮሪያ፣ ከማሪነርስ ጋር ሲጫወት ነው።

እንግዲህ የእነዚህን ሳምንታት ቁጥር አምኖ ሰው ላይ መፍረድ የት እንደሚያደርስ ሾሄይ ኦታኒ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጃፓን የኤንጅልስን ቡድን ሲቀላቀል፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው የቴምፒ ካምፕ ሆኖ 32 ጊዜ ለመምታት ቆሞ የተሳካለት 4ቱ ብቻ ነው። ሲወረውር ደግሞ በዘጠኝ ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ሲሰላ 27 ሩጫ የተቆጠረበት ሆነ። ወደ ታችኛው ሊግ ይውረድ ያለው ሰው ብዙ ነበር። አልወረደም። ዓመቱ ሲያልቅ 22 ሆም ራን (አጥር የተሻገረ ምት) መትቶ የሊጉ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። በተቃራኒው የባልቲሞሩ ጄክ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2011 ዝግጅት 10 ሆም ራን መትቶ ከሁሉ ቀደመ፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ግን ሜጀር ሊግ ውስጥ ዳግም አልታየም። እዚህ አሪዞና የበረሃው አየር ደረቅ ነው፣ ኳስ ይበርበታል። ከፊትህ የሚወረውረው ደግሞ ዛሬ የሊጉ ኮከብ፣ ነገ ገና ጢሙን ያላበቀለ ልጅ ነው። ከዚህ ተነሥቶ አማካይ ማውጣት ምን ይጠቅማል?

አምስተኛው ኢኒንግ ሲያልቅ ስማቸውን የምናውቃቸው ተጫዋቾች ቦርሳቸውን አንግተው ወጡ። ተመልካቹም አብሯቸው መውጣት ጀመረ። እኔ የምጠብቀው ግን ይህንን ሰዓት ነበር። አሁን የሚገቡት 80 እና 90 የሚል ቁጥር የለበሱ፣ አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ ስም እንኳ ያልተጻፈላቸው ልጆች ናቸው። በማግስቱ ወዳጄን፣ የድሮ ጎረቤቴን፣ ይዤው ስሄድም ያየነው ከዚሁ ሰዓት በኋላ ያለውን ነበር። ስምንተኛው ላይ አንድ ቀጭን ልጅ በሁለት ተጠማዛዥ ኳሶች ተታልሎ ወደቀ፤ ሦስተኛውን እንደምንም ነክቶት ኳሷ በመሬት ተንከባልላ በቀጥታ ተከላካዩ እጅ ገባች። ነገሩ አልቆለታል። ኮከቦቹ በዚህ ጊዜ ሦስት እርምጃ ሮጠው ይመለሳሉ። ልጁ ግን እስከ መጨረሻው በረረ፣ በግማሽ እርምጃ ተቀደመ፣ አቧራውን አራግፎ ቀና ሳይል ተመለሰ። ቡድኑ በስድስት ነጥብ ይመራ ነበር።

ወዳጄ ኦቾሎኒውን መፈልፈል አቆመ። «ይሄ ልጅ እንጀራው ላይ ነው የሚሮጠው» አለ።

ከዚያ በኋላ ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። የቤዝቦል ደመወዝ የሚከፈለው በዋናው ውድድር ወራት ነው፤ በዝግጅቱ የሚሰጠው አበል ነው። የታችኛው ሊግ ልጆች ደግሞ ለዘመናት ለዚህ ሥልጠና ደመወዝ አያገኙም ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2022 ሊጉ 185 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በቀጣዩ ዓመት በተፈረመው የኅብረት ስምምነት ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ሰው ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ ከ17,500 ወደ 35,800 ዶላር አደገ። በዚያው ዓመት የሜጀር ሊጉ ዝቅተኛ ክፍያ 720,000 ነበር። ልጁ በግማሽ እርምጃ የተቀደመው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል እየሮጠ ነው።

ክፋቱ፣ ሮጦ መድረስም ሁልጊዜ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2015 የቺካጎ ከብስ ወጣት ክሪስ ብራያንት በዝግጅቱ 40 ጊዜ ቆሞ 17 መታ፤ ከ17ቱ 9ኙ ሆም ራን ነበሩ። በዚያ ዝግጅት ከእሱ የበለጠ ሆም ራን የመታ አልነበረም። ቡድኑ ግን መከላከሉን ያሻሽል ብሎ ወደ ታችኛው ሊግ ሰደደው፤ ሚያዝያ 17 ላይ ጠራው። በውሉ ደንብ 172 ቀን የቆየ ተጫዋች የአንድ ዓመት አገልግሎት ይቆጠርለታል፤ ብራያንት ዓመቱን የጨረሰው በ171 ቀን ነው። በአንዲት ቀን ምክንያት ነጻ ወጥቶ ቡድኑን ራሱ የሚመርጥበት ጊዜ በዓመት ተራዘመ። የተጫዋቾች ማኅበር ቢከራከርለትም በ2020 ተረታ።

የእኔም ቡድን ከዚህ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የማሪነርስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኬቨን ማዘር በአንድ ክበብ ስብሰባ ላይ፣ ተስፋ የተጣለባቸውን ወጣቶች ታች የሚያቆዩት የአገልግሎት ዘመናቸውን አስበው እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ። ዶሚኒካዊውን ሁሊዮ ሮድሪጌስንም እንግሊዝኛው ደካማ ነው ብለው አነሡ። ቪዲዮው በወጣ ማግስት ሥራቸውን ለቀቁ። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረብኩ ሰው ስለሆንኩ ያንን ንግግር ሳዳምጥ እንደ ደጋፊ አላዳመጥኩትም።

በ2022 የተፈረመው አዲስ ውል ነገሩን በመጠኑ አቀና። በምርጥ ጀማሪ ምርጫ አንደኛና ሁለተኛ የወጣ ልጅ ዘግይቶ ቢጠራም ሙሉ ዓመት ይቆጠርለታል፤ ተስፋ የተጣለበትን ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ያሰለፈ ቡድንም ተጨማሪ የምልመላ ዕጣ ሊያገኝ ይችላል። በዚያው ዓመት፣ በሥራ ማቆም ውዝግብ ባጠረው ዝግጅት፣ የ21 ዓመቱ ሁሊዮ እዚሁ ፒዮሪያ ራሱን አስመሰከረና ከመክፈቻው ቀን ጀምሮ ተሰለፈ። 28 ሆም ራን መታ፣ 25 ቤዝ ሰረቀ፣ የሊጉ ምርጥ ጀማሪ ሆነ። ቡድኑም ከ2001 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎ ማለፍ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመትም የምልመላ ዕጣውን ወሰደ። ልጁ የሚመታውን ያህል ደንቡም እንደሚመታ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ሣሩ ላይ የምቀመጠው።

የመጋቢት መጨረሻ ሲመጣ ዝርዝሩ ይጠባል። ካምፕ የገቡት ከስልሳ የሚበልጡ ሰዎች 26 ብቻ ሆነው ወደ ሲያትል ይመለሳሉ። ለቀሩት የሚነገራቸው ጧት፣ ከልምምድ በፊት፣ በአሠልጣኙ ቢሮ ነው። ያንን ተመልካች አያየውም፤ ባይታይም ይሻላል።

ሲያትል ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዝናቡ ሲሰለቻችሁ ብትሄዱ ቲኬቱ ከዋናው ውድድር እምብዛም አይከብድም፤ የሣሩ ቦታም ለልጆች ይመቻል። የልምምድ ሜዳው ለተመልካች ክፍት በሆነ ቀን ጧት ገስግሱ። ኮፍያና ውኃ ያዙ፤ የመጋቢት ፀሐይ እዚያ ቀልድ አታውቅም። ከጋዜጣ የተቆረጠ የመምታት አማካይ ይዛችሁ አትከራከሩ። ከሁሉም በላይ፣ አምስተኛው ኢኒንግ አለቀ ብላችሁ አትውጡ።