ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቡና እንጠጣ ወይስ እንተው?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አንዱ ተደጋግሞብኛል፦ «ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና አስቀንሻለሁ። ቡና መጠጣት እችላለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው የትልቅ ከተማ ወይም የውጭ አገር ጥያቄ ይመስላል። እኔም መተማ ተመድቤ ስመጣ እንዲህ ዓይነት ታካሚ ይገጥመኛል ብዬ አላሰብኩም። ወባ፣ ካላዛር፣ የእባብ ንክሻ፣ በሰሊጥ አጨዳ ማጭድ እጁን የቆረጠው ሳሉግ፤ የጠበቅሁት ይህን ነበር።

ግን የምንኖረው ድንበር ላይ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ከሱዳናውያን ጋር ለዓመታት እዚያ የኖሩ ኢትዮጵያውያንም በመተማ ዮሐንስ በኩል ገቡ። ዛሬ የምነግራችሁ ታካሚዬ ከእነዚያ አንዷ ናቸው። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ግን ለውጬዋለሁ።

መጀመሪያ የመጡት «ወባው አልለቅ አለኝ» ብለው ነው። ላብ በላብ ይሆናሉ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ልባቸው ድው ድው ይላል፣ ከዚያ ይደክማቸውና ይተኛሉ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወስደዋል። ትኩሳት ለካሁ፣ የለም። ደማቸውን አስመረመርኩ፣ ወባ የለም። ሄሞግሎቢናቸው ግን 9.2 ነበር፤ ለአንዲት እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በላይ መሆን ነበረበት።

ሆዳቸውን ስመረምር አምስት ትንንሽ ጠባሳ አየሁ። «እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» ስላቸው ሳቁና «ድሮ ወፍራም ነበርኩ እኮ» አሉ። የቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት እዚያው ሱዳን ሳሉ፣ ከጦርነቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ወረቀታቸው ከቤታቸው ጋር ቀርቷል። የሚያስታውሱት «ጨጓራዬን አሳንሰው ከታች ካለው አንጀት ጋር ቀጠሉት» የሚለውን ብቻ ነው። ይህ ባይፓስ የሚባለው ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ተራ የሚጠብቅ ሰው በረንዳውን ሞልቶታል፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ እኔም ቸኩያለሁ። «ደም ማነስ አለብዎት፤ ይህን የብረት ክኒን ይውሰዱ፣ ቡና ያቁሙ» አልኳቸው። ቡናውን መቼ፣ ከምን ጋር፣ እንዴት እንደሚጠጡ አልጠየቅሁም። በወሩ ይመለሱ ብዬ የጻፍኩላቸው ቀጠሮ አለፈ። የመጡት ከአራት ወር በኋላ፣ እናታቸው ደግፈዋቸው ነው። ሄሞግሎቢናቸው 7.4 ሆኗል። እግራቸውም መርፌ መርፌ ይላቸዋል፤ ጫማቸው ሲወልቅ እንኳ አይታወቃቸውም።

ክኒኑን አቋርጠው ይሆናል ብዬ ጠየቅሁ። እናትየው ቀድመው መለሱልኝ። «አላቋረጠችም ልጄ፣ አንድ ቀን አላሳለፈችም። ቡናውን ተዪ ስትያት ግን ከሰው ተለየች። ጎረቤት ሲጠራት ‹ዶክተሯ ከልክላኛለች› ትላለች። ሲመሽ ብቻዋን ታፈላለች።» ታካሚዬ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ክኒኑ ብረት ብረት ይለኛል፤ አፌን እንዳያመረኝ በቡናው ነው የምውጠው» አሉኝ።

ለአራት ወር መድኃኒቱንና መድኃኒቱን የሚያከሽፈውን አንድ ላይ ሲውጡ ከርመዋል። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም።

አሁን ነገሩን ላስረዳችሁ። ክብደት ለመቀነስ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎች ናቸው። በስሊቭ ከጨጓራው አራት እጅ ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣና የሙዝ ቅርጽ ያለው ቀጭን ቱቦ ይቀራል። በባይፓስ ደግሞ እንደ አንድ የእንቁላል አስኳል የምትሆን ትንሽ ከረጢት ትቀርና ምግቡ የትንሹን አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ዘልሎ ወደ ታች ይገባል። ከምንበላው ብረት አብዛኛው የሚመጠጠው ግን በዚያ በተዘለለው ክፍል ነው። የጨጓራ አሲድም ይቀንሳል፤ ብረቱን ለመመጠጥ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ቫይታሚን ቢ12 እንዲመጠጥ የሚያግዘውም ከጨጓራ የሚመነጭ ነው። ጉበታችን የቢ12 ስንቅ ስላለው ጉድለቱ ቶሎ አይታይም፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ በእግር መደንዘዝ ይመጣል። ለዚህ ነው ቀዶ ሕክምናውን ያደረገ ሰው ቫይታሚንና ብረት ዕድሜውን ሙሉ መውሰድና ደሙን ቢያንስ በዓመት አንዴ መታየት ያለበት። ታካሚዬ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ወስደው «ድኛለሁ» ብለው ትተውታል።

በዚህ ላይ ቡናው ይመጣል። ቡና ውስጥ ብረትን ጠፍሮ የሚይዙ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ሻይ ከቡናም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ የታወቀ ጥናት ላይ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚመጠጠውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶታል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላው ውጤት ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ የተጠጣ ቡና ምንም አልቀነሰም። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ቀንሷል። እንግዲህ የኛን ልማድ አስቡት፤ ምሳ ተበልቶ ማዕድ ሲነሳ ነው ረከቦቱ የሚቀርበው። ጤፉ ብረት አለው፣ ምስሩ ብረት አለው፤ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ አቦሉን እናወርድበታለን። ሙሉ አንጀት ያለው ጤነኛ ሰው ይችለው ይሆናል። ግማሽ መንገዱ ለተዘጋበት ሰው ግን የቀረችውንም ትንሽ በር መዝጋት ነው።

«ወባው»ስ? ያ የስኳሩ ሥራ ነበር። ታካሚዬ ቡና የሚያፈሉት እንደ ሱዳን ነው፤ ዝንጅብል ይገባበታል፣ ስኒው ግማሽ ድረስ ስኳር ነው። ባይፓስ ያደረገ ሰው ብዙ ስኳር በአንድ ጊዜ ሲወስድ ስኳሩ ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ በቀጥታ አንጀት ላይ ይወድቃል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የደም ስኳር ይወርዳል፤ ያኔ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይመጣል። ሐኪሞች ዳምፒንግ እንለዋለን። በቆላ አገር የሚንቀጠቀጥና የሚያልበው ሰው ሁሉ ወባ ነው ተብሎ ይገመታል፤ እኔም ልገምት ቃጥቶኝ ነበር። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናውን ያደረጋችሁ ሰዎች፣ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ለምን እንደመጣችሁ ከመናገራችሁ በፊት ጨጓራችሁ የተሠራ መሆኑን ንገሩን። ሳትነግሩን እንዳናውቀው ታደርጋላችሁ።

በተቃራኒውም ተጠንቀቁ። ታካሚዬ ሲከሱ ጎረቤቱ ሁሉ «ቀዶ ሕክምናው ነው» ይል ነበር። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን ሰው ሲከሳ፣ ትኩሳት ሲያመላልሰውና ግራ ጎኑ ሲያብጥ ካላዛር መኖሩን ማየት አለብን። እሳቸውን መርምሬ ጣፊያቸው አለማበጡን ሳውቅ ነው የተነፈስኩት።

ከእናታቸው ጋር ሆነን ቁጭ ብለን አዲስ ሰዓት አወጣን። ቁርስ አንድ ሰዓት ላይ። ቡና ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ከአቦል አንድ ስኒ፣ ከቶና አንድ ስኒ፣ ስኳሩ በሻይ ማንኪያ ግማሽ። ምሳ ስድስት ተኩል። ጎረቤት ከምሳ በኋላ ሲጠራ ይሂዱ፣ ይቀመጡ፣ ቆሎውን በደንብ እያላመጡ ጥቂት ይቆርጥሙ፤ ስኒው ሲመጣ ግን ውሃ ይያዙ። የብረት ክኒኑ ማታ ሲተኙ፣ በውሃና ጥቂት ሎሚ። የካልሲየም ክኒን ካለ ከብረቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቅ። የቢ12 መርፌ እኛው ጋ ጀመርንላቸው። ብረቱ በክኒን ብቻ ላይበቃ ስለሚችል በደም ሥር እንዲሰጣቸው ወደ ጎንደር ሪፈር ጻፍኩ።

እናትየው ሰዓቱን ሲሰሙ «በረካውስ?» አሉኝ። ስቄ «በረካው ለእርስዎ ይሁን እማማ» አልኳቸው። እግረ መንገዴን፦ በረካ ቀጭን ነው እየተባለ ለልጆች የሚሰጥበት ቤት ብዙ ነው። ደም ማነስ ለሚበዛባቸው ትንንሽ ልጆች፣ በተለይ ከምግብ ጋር፣ አትስጧቸው። ሌላም አለ። የብረት ክኒን ቀይና የሚያብረቀርቅ ከረሜላ ይመስላል፤ ጥቂት ፍሬ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል። ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉበት።

ገና ቀዶ ሕክምናውን ላደረጋችሁ ወይም ለምታስቡት፦ ብዙ የሕክምና ማዕከላት ቢያንስ ለመጀመሪያው አንድ ወር ቡና አይፈቅዱም። ቁስሉ ገና ነው፣ ቃር ያስነሳል (ስሊቭ ላይ ቃር በራሱም ይብሳል)፣ ከሁሉም በላይ ግን ቦታ ይይዛል። ትንሿ ጨጓራ በአንድ ጊዜ ጥቂት ጉንጭ ብቻ ነው የምትቀበለው። በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ያስፈልጋችኋል፣ መተማ ላይ በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ከዚያም በላይ። ቡና ውሃን ከሰውነት ጠርጎ ያወጣል የሚባለው ለለመደ ጠጪ የተጋነነ ነው። ችግሩ የውሃውን ተራ መውሰዱ ነው። ውሃውን ከምግብ ጋር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት አርቃችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፉት እያላችሁ ጠጡ። ሽንታችሁ ከጠቆረና ስትነሱ ካዞራችሁ ቡናውን ለዚያ ቀን ተዉት።

ከወሩ በኋላስ ስንት? ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለእርጉዝ ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ጉዳት የለውም ይባላል። የኛ ስኒ ላይ ግን ሚሊ ግራም አልተጻፈም፤ የጀበናው ውፍረትም በየቤቱ ይለያያል። እኔ የምመክረው በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ስኒ ሳያልፍ፣ ከምግብ ርቆ ነው። እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ከቀትር በኋላ አትንኩት።

ሦስት ነገር በጣም ያሳስበኛል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ማስታወክ ካላቆመ «ቡናው ይሆናል» ብላችሁ አትጠብቁ። ሰውነታችን የቫይታሚን ቢ1 ስንቁ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ዓይን ያወናብዳል፣ አካሄድ ያንገዳግዳል፣ አእምሮንም እስከወዲያኛው ሊጎዳ ይችላል። ጤና ተቋም ስትደርሱ ግሉኮስ ከመስቀላቸው በፊት ቢ1 እንዲሰጧችሁ ቀዶ ሕክምናውን ተናገሩ። ቡና ሲቀር ለሚመጣው ራስ ምታት ደግሞ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትግዙ፤ በተለይ ባይፓስ ያደረገውን ጨጓራ ያቆስላሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ቡናውንም በአንድ ቀን ከማቆም በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀንሱት። ወጣት ሴቶች ደግሞ፣ ስትከሱ የማርገዝ ዕድላችሁ ይጨምራል። ከ12 እስከ 18 ወር ሳይሞላ ማርገዝ አይመከርም፤ የሚዋጥ መከላከያም ከባይፓስ በኋላ ላያስተማምን ስለሚችል መርፌውን ወይም በክንድ የሚቀበረውን ተነጋገሩበት።

ጾምን በተመለከተ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ወደ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል በትንሽ ጨጓራ ከሽሮና ከምስር ብቻ ማግኘት ይከብዳል። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። ታካሚዬ ተመካክረው ነበር፤ መልሱ እኔ ከጠበቅሁት በላይ ፈጥኖ ነው የመጣላቸው። ረመዳን የምትጾሙም ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እሳቸው ከጎንደር ተመልሰው ባለፈው ወር መጡ። ሄሞግሎቢን 10.8። እግራቸው አሁንም ይደነዝዛል፤ የነርቭ ጉዳት ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፣ ሁሉም ላይመለስ እንደሚችልም ነግሬያቸዋለሁ። «ወባው» ግን ቀርቷል። የረፋዱን ቡና ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ይጠጡታል፤ አንዷ የብረት ክኒን የምትወስድ እርጉዝ ስለሆነች እሷንም ይዘውልኝ መጡ። «ሰዓቱን ንገሪያት፣ እኔን አላምን አለች» አሉኝ። ነገርኳት። የእትዬ ቀጣይ የደም ምርመራ ጥቅምት ላይ ነው።