የማስተማሩን ዓመት አትሽጪው

ይፋግ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤   ስለ ብርዱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ አበሉ አያያዝ ልምከርሽ ብል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ በስልክም ተነጋግረን ጨርሰነዋል። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር እንቅልፍ ስለ ነሳኝ ነው። የተሰጠሽ ፌሎሺፕ የዶክትሬት ተማሪን ለፕሮፌሰርነት እንዲያዘጋጅ ታስቦ የቆመ ነው። በውስጡም አንድ ዓመት አለ፤ ልምድ ባለው መምህር ሥር ሆነሽ ኮርስ የምትቀርጪበት፣ ክፍል ገብተሽ የምታስተምሪበት፣ የተማሪ ወረቀት የምታርሚበት፣ ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ወጥተሽ በትንንሽ ኮሌጆች የሚያስተምሩ ሰዎች እንዴት እንደሚውሉ የምታዪበት። ያን ዓመት በምርምር ጊዜ መለወጥ ይቻላል መባሉን፣ ጓደኛሽም «ለውጪውና ቶሎ ጨርሺ» ማለቷን ነግረሽናል። ድምፅሽን ስሰማው አንቺም ልብሽ ወደዚያው ያደላ መሰለኝ። እኔ አልስማማም። ምክንያቴን ላስረዳሽ፤ ከዚያ በኋላ የወደደሽ አምላክ ይምራሽ።

«ዶክተር» ከሚለው ስም እንነሣ። ቃሉ ከላቲን ሲመጣ ትርጉሙ አስተማሪ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎችም ከማዕረጉ ጋር ይሰጡ የነበረው የማስተማር ፈቃድ ነበር። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በዚሁ በደቡብ ጎንደር ምድር ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። ተማሪው እዚያ ሄዶ ያስመሰክራል፤ ያስመሰከረ ሰው ወንበር ዘርግቶ ሊያስተምር ይችላል። ልብ በይ፤ ማስተማሩ የሚጀመረው ግን ካስመሰከረ በኋላ አይደለም። ከፊደል ቤት ጀምሮ ቀድሞ የገባው ዘግይቶ የመጣውን ያስቀጽላል፤ የኔታ ደግሞ ራቅ ብለው ተቀምጠው የሁለቱንም ስሕተት ይሰማሉ። ተማሪው እየተማረ ያስተምራል፤ ሲያስተምርም የሚሰማው ጆሮ አለ። ዘመናዊው ዶክትሬት ይህን ቆርጦ ጣለው። አንድ ሰው አራት አምስት ዓመት አንዲት ጠባብ ጥያቄ ይዞ ሲቆፍር ይኖራል፤ በተመረቀ ማግሥት ግን እዚያች ጥያቄ አጠገብ ደርሰው የማያውቁ መቶ ወጣቶች ፊት ይቆማል። የሚሰማው የኔታ የለም። ያንቺ ፌሎሺፕ ያን ጆሮ መልሶ ሊሰጥሽ ነው የተሠራው፤ አንቺ ደግሞ ልትመልሺው ነው።

ከደጃችን ያለውን ማስረጃ ልጨምርልሽ። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው፤ የናበጋ ጊዮርጊስ። ሰው የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያበሳጨኛል፤ ሊቅነታቸውን ቀልዱ በላው። የጣና ማዕበልና የሐይቁ ዳር ሸምበቆ ሲወዛወዝ እያዩ አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት ግን አዲሱን ነገር አልተቀበሉላቸውም። ስልቱን ከአባቱ ተምሮ በደብረ ታቦር በኩል ያስፋፋው ልጃቸው ተክሌ ነው። ታዲያ ዛሬ በየደብሩ የሚቆመው በማን ስም ይጠራል? የተክሌ አቋቋም ነው የሚባል። ግኝቱ የአባት ሲሆን ስሙ ላስተማረው ተረፈ። ይህን ስል ምርምርን እያሳነስሁ አይምሰልሽ፤ ገብረ ሐና ባያወጡት ተክሌ የሚያስተምረው አልነበረውም። ነገር ግን ተክሌ ባያስተምረው ስልቱ ከአለቃ ጋር መቃብር በወረደ ነበር። አንቺ በአንድ ሰውነት ሁለቱንም እንድትሆኚ ነው የተጠራሽ፤ እግዚአብሔር ለሁለቱም ጉልበት ይስጥሽ።

«ይህ የቤተ ክህነት ነገር ነው፤ የኔ ትምህርት ሌላ ነው» ትዪ ይሆናል። እንግዲያስ የፈረንጆቹንም እንይ። አሜሪካኖች ጉድለቱን ራሳቸው ናቸው ያዩት። እ.ኤ.አ. በ1993 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤትና የኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ተባብረው የነገን መምህራን ማዘጋጀት የሚል ፕሮግራም ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዶክትሬት የሚሰጠው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በዙሪያው ካሉ ልዩ ልዩ ኮሌጆች ጋር ይጣመራል፤ ተማሪው ከጥናቱ አማካሪ ሌላ በእነዚያ ኮሌጆች የማስተማር መካሪ ይመደብለታል። ለምን ይህን አደረጉ? አብዛኛው ዶክተር ተቀጥሮ የሚሠራው ባሠለጠነው ዓይነት ቦታ ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት በ27 ዩኒቨርሲቲዎች ከ4,000 በላይ የዶክትሬት ተማሪዎችን ጠይቆ ያገኘውም ይህንኑ ነው፤ የሚሰጣቸው ሥልጠና እነሱ ከሚፈልጉትም፣ ነገ ከሚይዙት ሥራም ጋር አይገጥምም። ሀብታም አገር ይህን ካለ፣ እዚህ ደረጃ የሚደርስ ልጅ በጣት የሚቆጠርበት አገር ምን ሊል ነው?

የእኛም አገር ቢሆን አንድ ጊዜ ነገሩን አግኝቶት ነበር። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለውን ጀመረ፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግላል፤ የሚበዛውም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ያን ዓመት ሳይሰጥ ዲግሪ የለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ነገር ነው እንጂ የዶክትሬት አይደለም፤ ልዩነቱን አውቃለሁ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ማስተማር ከዲግሪው ውጭ ያለ ትርፍ ሥራ አልነበረም፤ የዲግሪው አካል ነበር። በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1971 ዓ.ም. ድኅረ ምረቃን፣ በ1980 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ዶክትሬትን በአገር ውስጥ ሲጀምር ያ ልማድ አብሮ አልተሻገረም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆኑ፤ ደብረ ታቦርም የራሱን አገኘ፤ ልባችን ሞላ። ሕንፃው ከመምህሩ ቀድሞ ቆመ። እኛ የቀደምነው መምህራንም ብንሆን ሳንዘጋጅ ክፍል የገባን ብዙዎች ነን፤ ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ የሰው ልጆች ናቸው። ይህን ማንም አይጠይቀንም፤ ማታ ማታ ግን ይመጣል።

ከተቃውሞዎችሽ የሚከብደው የጊዜው ነው። የደረጃ ዕድገት በሚታተም ጽሑፍ ይቆጠራል፤ ያስተማርሽበት ሴሚስተር ለረዳት ፕሮፌሰርነትም ለተባባሪ ፕሮፌሰርነትም እንደ ጽሑፉ አይመዘንልሽም። ይህ እውነት ነው፤ አልክደውም። የማልቀበለው ማስተማር ምርምርን ይበላል የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስክ የሚማሩ 95 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ተከታትሏል፤ ገሚሱ ምርምር ብቻ፣ ገሚሱ ምርምርም ማስተማርም ይሠሩ ነበር። በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያና መጨረሻ የጻፉት የምርምር ሐሳብ ተነጻጽሮ ሲታይ፣ ሊፈተን የሚችል መላ ምት በማፍለቅና የሙከራ አሠራር በመቀየስ ይበልጥ የተሻሻሉት ሁለቱንም የሠሩት ነበሩ። ጥናቱ አንድ ነው፤ የተከታተላቸውም ሰዎች ብዙ አይደሉም፤ እንደ ወንጌል አልይዘውም። ምክንያቱ ግን ይገባኛል። «ለምን ሆነ?» ብሎ የሚያፋጥጥ ልጅ ፊት የቆመ ሰው የራሱን «ለምን» መፈተሹ አይቀርም። ለምሳሌ አፈር ምን ያህል ውኃ እንደሚይዝ ለጀማሪ ማስረዳት ያቃተው ሰው፣ ለራሱም እርግጠኛ አለመሆኑን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞሽ «ተቀጥሬ ስገባ እማረዋለሁ» የሚል ይመስለኛል። ለዚህ አገሩ መልስ ሞክሯል፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም የሚባለው ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ዘዴ ሲሰጥ ቆይቷል። መልካም ነገር ነው። ግን የሚሰጠው ሥራ ላይ ላለ ሰው ነው፤ የክፍሉ ሸክም፣ የእርማቱ ክምር፣ ኮሚቴው፣ ስብሰባው ሁሉ ሳይቀነስለት ለሚማር ሰው። እዚያ ማዶ የምትሳሳቺው ሊያስተካክልሽ ከተቀመጠ መምህር ፊት ነው፤ እዚህ የምትሳሳቺው በልጆቹ ላይ ነው። ደግሞ የትኞቹ ልጆች እንደሚጠብቁሽ አስቢ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በማግሥቱም ዓመት ከዚያ የተሻለ አልታየም። ስለዚህ ነው ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት የመጣው። በእኛ በኩል ደግሞ ያለፉት ዓመታት በትምህርት ቤቱ ላይ ያደረጉትን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አልጽፈውም። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም፤ መሰላሉ መሐል ላይ ተሰብሮባቸው ነው። የተሰበረ መሰላል ላይ ያለን ልጅ ማውጣት ደግሞ የትምህርቱን ይዘት ከማወቅ የተለየ ጥበብ ነው፤ ይዘቱ ብቻ ቢበቃ ኖሮ መጽሐፉን መስጠት በበቃ ነበር።

ሦስተኛውን አፍ አውጥተሽ አላልሽውም፤ ጓደኛሽ ግን የምታስበው እሱን ይመስለኛል። የመምህርነት ኑሮ። መምህሩ ምን እንደሚከፈለውና በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበትን ችግር ማንም አይስተውም። «ማስተማርን ካልለመድሁ ወደ ሌላ ሥራ መውጣት ይቀለኛል» የሚል ስሌት ይኖራል። ብትወጪም አልረግምሽም። ሰው በልቶ ማደር አለበት፤ ቤተሰብም አለብሽ። ስለ መመለስም አልጠይቅሽም፤ ያን ነገር እናትሽም እኔም ተስማምተን ዝም ብለናል። እንዲህ ብቻ ልበልሽ፤ ማስተማር የሚችል ሰው የትም ቢሄድ ከራሱ በኋላ የሚቀር ነገር ይኖረዋል።

ከዚህ ከእኛ ብዙ የማይርቀውን ጋፋትን አስቢው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ደብረ ታቦር አጠገብ የአውሮፓ ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ከጎናቸውም የእኛ ሰዎች ሠርተዋል። ሴባስቶፖል የሚባለው ትልቁ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ ወራት በፈጀ ጉዞ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ አለፉ፤ ባለ እጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ምድጃውም ቀዘቀዘ። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። ሊሠራው የሚችለው እጅ ግን አልተተካም። ምድጃውን ያጠፋው ጦርነት ነው እንጂ የአስተማሪ እጦት አይደለም ትዪኝ ይሆናል፤ ልክ ነሽ፤ ምሳሌዬ ጎዶሎ ነው። ቢሆንም ጦርነት ብረቱን ትቶ ዕውቀቱን ሊወስድ የቻለው፣ ዕውቀቱ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ስለ ነበረ ነው። በብዙ ተማሪ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ አንድ ቦታ ይተርፍ ነበር። አንቺም እዚያ ሄደሽ የምታገኚው ነገር በአንቺ ብቻ ተቀምጦ እንዳይቀር እሰጋለሁ፤ ባንቺ ላይ ክፉ አስቤ አይደለም፤ አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ብቻ አገሩን ስላየሁት ነው።

ልጄ፣ ብዙ አበዛሁ። ልመክርሽ ያሰብሁት ሌላም ነገር ነበር፤ አሁን ሳስበው አንዱም አይመጣልኝ። ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ። ጓደኛሽን አትቀየሚያት፤ የመከረችሽ ስለምትወድሽ ነው፤ ከቻልሽ ይህን ደብዳቤ አንብቢላት፤ መልስ ካላት ትጻፍልኝ፤ እሟገታታለሁ። የመለወጫውን ቅጽ ከመፈረምሽ በፊት አንድ ሳምንት አሳድሪው፤ ከዚያ ያደረግሽውን እቀበላለሁ።

ይህን ይዞልሽ የሚመጣው ልጅ ነገ በሌሊት ይነሣል። በርበሬውና ሽሮው ለየብቻ ታስሯል፤ ሚጥሚጣው በትንሿ ጠርሙስ ነው፤ እናትሽ ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልላዋለች፤ እንዳይፈስ ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪው። እንደ ወጣሽ ያግባሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም፤ ቁመሽ የምታስተምሪበትን ቀን አምላክ ለእኛም ያሳየን።

አባትሽ