ጌጡ ከደጅ ነው፦ ከአሰላ እስከ ሳጉሬ

ከአዳማ ወደ አርሲ የሚወጣ መንገደኛ የአየሩን መለወጥ በሰውነቱ ያውቀዋል። መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ ዴራን እስኪያልፍ ድረስ ሙቀቱ አይለቀውም። ኢተያ ሲደርስ ግን የተከፈተው መስኮት ይዘጋል፣ ከትከሻ የወረደው ጋቢ ተመልሶ ይደረባል። የቁሉምሳን የግብርና ምርምር ማዕከል ካለፉ በኋላ አሰላ ቅርብ ናት። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የጭላሎን ተራራ ተንተርሳ የተቀመጠች ከተማ ናት። በነርስነት ካገለገልኩባቸው ዓመታት አብዛኞቹን ያሳለፍኩት በዚሁ ዙሪያ ነው።

አርሲ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ሯጮቿን ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። ስንዴዋና ገብሷም ስም ያለው ነው፤ አሰላ የብቅል ፋብሪካ የተተከለባት በከንቱ አይደለም። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ከውጭ ስለማይታየው፣ ስለ አርሲ ቤቶች ጓዳና ግድግዳ ነው።

ነርስ ቤት ለቤት ስትዞር ከሰው ፊት ቀጥላ የምታየው ግድግዳውን ነው። ሕፃኑ የሚተኛበት ጥግ ይረጥባል ወይ? ጭሱ መውጫ አለው ወይ? እያለች ትቃኛለች። በዚያው ዓይኔ የቤቶቹን ጌጥ ለመደ። በጭቃና በእበት ተለስኖ በጣት የተሣለ ግድግዳ፣ በላዩ የተሰቀለ ሰፌድ፣ በነጭ ከረጢት ላይ በሱፍ ክር የተጠለፈ አበባና «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ አያለሁ። ጥግ ላይ ደግሞ የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ጪጮ የሚሉት የወተት ዕቃ ይቀመጣል። ከተክል ቃጫ በጥብቅ ተሠርቶ፣ በጭስ ታጥኖ፣ አንዳንዴም በዛጎል ያጌጠ ነው። ወተት ሲኖረው ዕቃ ነው፤ ባዶ ሲሆን ጌጥ። ከእነዚህ ሁሉ ከሱቅ የተገዛው ክሩ ብቻ ነበር።

አሁን በከተማ ቤቶቻችን የፕላስቲክ አበባና የሚለጠፍ የግድግዳ ወረቀት በዝቷል። ጠላታቸው አይደለሁም፤ እኔም ቤት አሉ። ነገር ግን የፕላስቲክ አበባ ገና ከሱቅ ሲመጣ ያለቀለት ነው። ልጅና አያትን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ሥራ የለውም።

ባለፈው ጥር መጨረሻ፣ የትምህርት ቤት እረፍት ሲሆን፣ የ11 ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ሳጉሬ ወደምትኖረው ታላቅ እህቴ ሄድኩ። ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። የልጅቷ እናት ለሥራ አረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏል። ልጅቷ አልታመመችም፤ ትበላለች፣ ትማራለች። ዝምታ ግን አብዝታለች። እናቷ ስትደውል «ደህና ነኝ» ብላ ስልኩን መልሳ ለእኔ ትሰጠኛለች። እንደ እኔ የልጅ ልጅ የምታሳድጉ አያቶች ይህን ዝምታ ታውቁታላችሁ።

እህቴ ደግሞ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ስፌቷን ግን አልተወችም፤ በጣቷ እየዳሰሰች ትሰፋለች። ለልጅቷ እናት ብላ የጀመረችው መሶብ ታችኛው ክፍል አልቆ ክዳኑ ግማሽ ላይ ቆሟል። ቀለም መለየት ስላልቻለች ነው። «ቀዩን ከአረንጓዴው የሚለይልኝ ሰው አጣሁ» አለችን፤ ልጅቷም ሳትጠራ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች።

አክርማና ስንደዶ

ስፌት ሁለት ሣር ይፈልጋል። ስንደዶው ውስጥ ይሆናል፣ አክርማው ከላይ ይጠመጠማል። ስንደዶ የሚለቀመው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ነው። እህቴ እንደምትለው ቀድሞ አክርማ የምትነቅልበት መስክ አሁን ታርሶ ስንዴ ሆኗል፤ ስለዚህ ከገበያ ትገዛለች።

ለጀማሪ መሶብ አይሰጥም። ልጅቷ የጀመረችው በስኒ ማስቀመጫ ነው። እናንተም ሞክሩት። የተሰነጠቀውን አክርማ ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ደረቅ ከሆነ ይሰበራል። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው የስንደዶ ጭብጥ ያዙ። ጫፉን በአክርማ ጠምጥማችሁ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት አዙሩት። ከዚያ በወስፌ የቀደመውን ዙር እየበሳችሁ አክርማውን አሳልፋችሁ አጥብቁ። ስንደዶው እያለቀ ሲሄድ ሌላ ጨምሩበት። ስምንት ወይም ዐሥር ዙር ሲደርስ ለስኒ ይበቃል። ቀለም የምትፈልጉ አክርማውን በቀለም አፍሉት፤ ያ ድስት ግን ዳግመኛ ለምግብ አይመለስ።

የልጅቷ የመጀመሪያ ሥራ ጎብጦ እንደ ሳህን ሆነ። እህቴ ዳሰሰችውና «ይሄ ለስኒ ሳይሆን ለቆሎ ነው» አለች። እውነትም ቆሎ አቀረብንበት።

ያረጀ ሹራብና የስኳር ከረጢት

ሁለተኛውን ሥራ ያስተማሩን የእህቴ ጎረቤት ናቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ልጅቷ እንደ ሰፈሩ ሰው «አዴ» ብላ መጥራት ለምዳ ነበር። ያረጀ የልጆች ሹራብ ተርትረው ክሩን ጠቀለሉ፣ አንድ ነጭ የስኳር ከረጢትም ሰጡን።

ከረጢቱን በሳሙና አጥባችሁ በፀሐይ አድርቁት። በሚፈለገው መጠን ቆርጣችሁ ጠርዙን እጠፉና ስፉት፤ አለዚያ ይተረተራል። ሥዕሉን በእስክሪብቶ ንደፉ። የከረጢቱ ሽመና ትንንሽ አራት ማዕዘን ስላለው፣ ደብተር ላይ እንደሚሠራ ሁሉ እየቆጠራችሁ በትንንሽ የመስቀል ቅርጽ ትጠልፋላችሁ። ጫፉ ያልሾለ ወፍራም መርፌ ለልጅ ይመቻል። ልጅቷ ጭላሎን በአረንጓዴ፣ ሰማዩን በአባቷ አሮጌ ሹራብ ሰማያዊ ክር ጠለፈችው። ትራስ ልብስ ወይም የግድግዳ ጌጥ ሊሆን ይችላል። ዳንቴል በኪሮሽ የምትሠሩ እናቶች ጠርዙን በዳንቴል ብትጨርሱት የበለጠ ያምራል።

የስንዴ አገዳ

ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። አርሲ ውስጥ አሁን ብዙው ስንዴ የሚታጨደው በኮምባይነር ስለሆነ አገዳው ተሰባብሮ ነው የሚወድቀው። ለጌጥ የሚሆነው በማጭድ የታጨደው ነው፤ ከማሳ ዳር ለምኖ መውሰድ ይቻላል።

አገዳውን ከአንጓ እስከ አንጓ ቁረጡ። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። በመቀስ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ዘርጉትና በጨርቅ ሸፍናችሁ ለብ ባለ ካውያ ተኩሱት። ወርቅማ ጥብጣብ ይሆናል። ካውያው ትንሽ ሲቆይበት ቡናማ ስለሚሆን ያለ ቀለም ሁለት ዓይነት መልክ ታገኛላችሁ። በጥቁር ካርቶን ላይ በኮላ እየለጠፋችሁ አበባ፣ ጎጆ ወይም የልጁን ስም ሥሩበት። ካውያውን አዋቂ ይያዝ።

ከነርስ የሚነገር

በሥራ ዘመኔ ያየሁትን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም።

በስንዴ አገር የፀረ አረምና የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ በየደጁ ይገኛል። መልኩ ቢያምርም፣ ደጋግማችሁ ብታጥቡትም፣ የአበባ ማስቀመጫም የውኃ ዕቃም አታድርጉት። ልጅ ነገ አበባውን አውጥቶ ይጠጣበታል። የማዳበሪያ ከረጢትም ቢሆን ለጌጥ እንጂ እህልና ዱቄት ለማስቀመጥ አይሁን።

የአሰላ ምሽት ብርድ ነው፤ የእጅ ሥራም የምሽት ሥራ ነው። በራችሁን ዘግታችሁ ከሰል አጠገብ አትቀመጡ። የከሰል መርዝ ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሳያስነቃ ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ ቤት ከገባም በሩ ወይም መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ሰው ሳይተኛም ይውጣ።

ዶቃና ዛጎል ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በማይደርስበት ይቀመጥ፤ ጉሮሮ ይዘጋል። መርፌ ሥራው ሲያበቃ ይቆጠር።

ለአያቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዓይን ሲደበዝዝ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ። የዓይን ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እህቴ ይህን ከእኔ ስንት ጊዜ ሰምታ «ዓይኔን ነካክተው ጭርሱን ቢያጠፉትስ?» እያለች ቆይታለች። በዚህ ጊዜ ልጅቷ «እማማ፣ ክዳኑን እኔ ብጨርሰው ቀለሙን እንዴት አድርገው ያዩታል?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ ዝም አለች። ማግስቱን ግን ቀጠሮ እንድይዝላት ነገረችኝ።

በሦስተኛው ምሽት የልጅቷ እናት ደወለች። ልጅቷ ስልኩን አልመለሰችልኝም። «የመሶብሽ ክዳን ጫፉ ቀይ ይሁን ወይስ አረንጓዴ?» ብላ ጀመረችና፣ ስለ ስንደዶው፣ ስለ ቆሎው፣ ስለ አዴ ከረጢት አወራች። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ አወሩ። ናፍቆቷ ለቀቃት አልልም፤ አለቀቃትም። ነገር ግን ስለ ናፍቆት ማውራት የከበደው ልጅ ስለ አክርማ ማውራት ይችላል። እናትም ከሩቅ ሆና ቀይ ወይም አረንጓዴ ብላ መምረጥ ትችላለች። ቀይ ይሁን አለች።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ በሚቀጥለው እረፍት ቤታችሁን ለማስጌጥ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ደጃችሁንና ጓዳችሁን ተመልከቱ። የተተረተረ ሹራብ፣ የስኳር ከረጢት፣ ከገጠር ዘመድ የሚላክ አንድ እስር አክርማ ይበቃል። ጎንበስ ያለ ወይም የተጣመመ ሆኖ ቢወጣም ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ሠርቶ እስኪተካው ድረስ ከዚያ የሚበልጥ ጌጥ የለም።