የመስከረም ጥላ፦ ዋሽንግተንና አዲስ አበባ

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚያድጉ ልጆቻችን በመስከረም ሁለት የማይተዋወቁ ትምህርቶች ይማራሉ። ቤትና ቤተ ክርስቲያን ክረምቱ ወጣ፣ አደይ ፈነዳ ይሏቸዋል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ የረገፈ ቅጠል ወረቀት ላይ እያጣበቁ ብርዱ ሊገባ መሆኑን ይሰማሉ። አገር ቤት ያለ ልጅ የሚዘፍነውም፣ የሚስለውም፣ በደጁ የሚያየውም አንድ ነው። እዚህ ብዙ ወላጆች «የአገራችን ይለያል» ብለው ያልፉታል። እንዲህ ማለፉ ያስቆጫል፤ የሁለቱ መነሻ አንድ ነውና። መስከረም 12 ወይም 13 ላይ ፀሐይ የምድር ወገብን ተሻግራ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። የዝናቡ መቀነትም እሷን ተከትሎ ስለሚወርድ የኢትዮጵያ ደጋ ሰማዩ ይጠራል፤ ያው ጉዞ ቨርጂኒያ ላይ ቀኑን አሳጥሮ ዛፉን ቅጠል ያስጥላል።

ይህን ለልጅ ለማሳየት አንድ እንጨት ይበቃል። በዚያ ሰሞን 1 ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ፀሐይ የቀኑ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ ስትደርስ ጥላውን መለካት ነው። ዋሽንግተን ላይ ይህ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ በዚያ ወቅት ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋልና። ጥላው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አዲስ አበባ ያለው የአክስት ልጅ በራሱ እኩለ ቀን ቢለካ 16 ገደማ ያገኛል። ታኅሣሥ 12 ላይ የአዲስ አበባው ወደ 64 ሲያድግ የዋሽንግተኑ 1 ሜትር ከ90 ይደርሳል። ረጅም ጥላ ዝቅ ያለችና ሙቀቷ የቀነሰ ፀሐይ ምልክት ስለሆነ፣ በስልክ ፎቶ ሲለዋወጡ ብርዱ ለምን እንደሚለያይ ራሳቸው ያዩታል።

«እንቁጣጣሽ የሃይማኖትና የባህል ነገር ነው፤ የፀሐይ ልኬት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ የሆነው ስንክሳር ግን የወሩን ንባብ ሲከፍት የቀኑን ርዝመት ይናገራል፦ የመስከረም 12 ሰዓት፣ የኅዳር 10 ሰዓት፣ የታኅሣሥ 9 ሰዓት። መጽሐፉ ከግብፅ የመጣ ስለሆነ ልኬቱ የሰሜን ነው። አዲስ አበባ ላይ አጭሩ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም፤ ዋሽንግተን ላይ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የታኅሣሡ ቁጥር ከአዲስ አበባው ልጅ ይልቅ ለስደተኛው ልጅ ይቀርባል ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ ይህ ሁሉ ልኬት ልጁን ያደናግረዋል የሚለው ስጋት ይከብዳል። ለአምስት ዓመት ልጅ ዘፈኑና አበባው ይበቃዋል። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ግን ከመደናገር የሚያወጣው ምክንያቱን ማወቁ ነው። ጥያቄውም ሳይጠሩት ይመጣል፤ በአገራችን አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ያህል ሆኗታል ማለት መሆኑን የሰማ ልጅ፣ በታኅሣሥ ዋሽንግተን ላይ 1 ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ገና እንዳልወጣች፣ ከ11 ሰዓት በፊትም እንደምትጠልቅ በመስኮቱ እያየ ነው።