እስከ ሰባት ቤት፣ በፎርት ዌይን

ፎርት ዌይን ለሽርሽር የምትታሰብ ከተማ አይደለችም። በኢንዲያና ግዛት ሰሜን ምሥራቅ፣ ሴንት ሜሪስና ሴንት ጆሴፍ የተባሉ ወንዞች ተገናኝተው ማውሚ የሚሆኑባት ረጋ ያለች ከተማ ናት። ሰው ግን ከሩቅ ግዛት መኪና እየነዳ ይመጣባታል፤ የሚመጣውም አያቱን ፍለጋ ነው።

መሃል ከተማ በሚገኘው የአለን ካውንቲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተጀመረ የዘር ሐረግ ማዕከል አለ። በአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካሏቸው የዚህ ዓይነት ስብስቦች ትልቁ እሱ ነው። መግቢያ አይከፈልም፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠይቅ የለም። «ነገ ተመለስ» ለለመደ ሰው ይኼ ብቻውን ልብ ያሞቃል።

እኔን ከወንበሩ ያጣበቀኝ የድሮው የከተማ ማውጫ ነው። የነዋሪው ስም በፊደል ተራ፣ ከስሙ ጎን ሥራው፣ ከሥራው ጎን የቤቱ ቁጥር፦ አንጥረኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ልብስ አጣቢ። እ.ኤ.አ. የ1890 የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ከ1921ዱ የዋሽንግተን ቃጠሎ በኋላ አብዛኛው ስለጠፋ፣ ያንን ዘመን የሚፈልግ ሁሉ እዚህ ይወድቃል። የተከታታይ ዓመታቱን ጥራዞች ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ነው። ባልና ሚስት የነበሩበት ቤት በቀጣዩ ጥራዝ በሴትዮዋ ስም ብቻ ተጽፏል፣ «የእገሌ ሚስት የነበረች» ተብሎ። የሰውየውን ሞት ማንም አልነገረኝም፤ በሁለት ጥራዞች መካከል አገኘሁት።

እኛ ዘር የምንቆጥረው በአፍ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት አጥርቶ የሚቆጥር ሽማግሌ አይታጣም፤ እኔም ስሞቹን አውቃቸዋለሁ። ቅድመ አያቴ ምን ሠርተው እንዳደሩ ግን ከዚያ ቆጠራ አላገኘሁም። የቅድመ አያቴ ሚስትማ ጭራሽ አልተቆጠሩም።

አጠገቤ የተቀመጡት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ስሙም ብርቅ የሆነባቸው ናቸው። ከባርነት የወጡት ሰዎች በሙሉ በስም የተጻፉበት የመጀመሪያው የአገሪቱ ቆጠራ የ1870ው ነው። በ1850ና በ1860 በተዘጋጀው የባሪያ መዝገብ ላይ በስም የተጻፈው ጌታው ነው፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ይደረደራል። አንዷን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ፦ 22፣ ሴት፣ ጥቁር። ቅድመ አያታቸው እሷ ትሁን አትሁን መዝገቡ አይናገርም።

ስለዚህ ከዚያ ወዲያ የሚፈለገው የጌታው ቤተሰብ ነው። ኑዛዜው፣ የውርስ ንብረቱ ዝርዝር ይታያል፤ የሰው ስም ከላምና ከአልጋ መካከል የሚገኘው እዚያ ነው። ሴት ልጅ ስትዳር ከአባቷ ቤት ባሪያ ይዛ የምትሄድበት ጊዜ ስለነበረ የልጆቹ ጋብቻም አንድ በአንድ ይጣራል። «የሱን አያቶች ከራሴ አያቶች አብልጬ አውቃቸዋለሁ» አሉኝና ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሁለተኛዋ ልጅ ኬንታኪ እንደተዳረች አገኙ። ሦስተኛዋ ለነገ ጠዋት ተቀጠረች። እኔም የጠዋቱን አውቶቡስ ወደ ማታ አዛወርኩት፤ የልጅቱን ነገር ሳልሰማ መሄድ አልሆነልኝም።