የባንኮክ ጎዳና የበረዶ ሻይ

ሻይ በየአገሩ የየራሱ ወግ አለው። በእኛ ቤት ሻይ ሲነሣ ወዲያው የሚታሰበን ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ትኩስ መጠጥ ነው። በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ ግን ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ፣ ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ እናት ከገበያ ስትመጣ መንገድ ዳር ቆም ብለው የሚገዙት ሻይ በበረዶ የተሞላ፣ ወተት የፈሰሰበትና መልኩ ብርቱካን የመሰለ ነው። የአገሩ ሰዎች «ቻ ዬን» ይሉታል፤ ትርጉሙም «ቀዝቃዛ ሻይ» ማለት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ሻይ በብዛት ወደሚሸጥበት ሠፈር ወስደን ካስጎበኘንዎት በኋላ እቤትዎ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ከዚያም በላይ ለልጆችዎ ጤና ሲባል ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ እንገልጽልዎታለን።

ባንኮክ በቻዎ ፕራያ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ሜዳማ ከተማ ስትሆን ሙቀቷ ከወበቅ ጋር ነው። በሚያዝያ ወር እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል፤ ሌሊቱም ቢሆን እንደ አዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ልብስ አያስፈልገውም። ስለዚህ በዚያ አገር በረዶ የድሎት ዕቃ ሳይሆን የዕለት ፍጆታ ነው። መሃሉ ቀዳዳ የሆነው ክብ በረዶ ከፋብሪካ በከረጢት እየተጫነ ለየሱቁና ለየጋሪው ይታደላል።

ሻዩን በደንብ ለማየት የሚፈልግ መንገደኛ ወደ ቻይኖች ሠፈር፣ ወደ ያዎዋራት ጎዳና ቢሄድ አይቆጨውም። ባንኮክ እ.ኤ.አ. በ1782 ዋና ከተማ ስትሆን፣ ለቤተ መንግሥቱ በተመረጠው ቦታ ይኖሩ የነበሩት ቻይናውያን ነጋዴዎች ሳምፔንግ ወደተባለው ሠፈር እንዲዛወሩ ተደረገ። ያዎዋራት የተባለው ጎዳናም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በዚሁ ሠፈር መካከል ተቀደደ። ሻይ የመጠጣት ልማድ ከቻይናውያኑ ጋር የኖረ ሲሆን፣ እነሱ ግን ሻዩን የሚጠጡት ትኩሱን፣ ያለ ወተትና ያለ ስኳር ነበር። ወተትና ስኳር መጨመሩ ከምዕራባውያን የመጣ ልማድ ነው። በረዶውን ያስፈለገው ደግሞ የአገሩ ሙቀት ነው።

በባንኮክ መንገድ ዳር ምግብና መጠጥ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ደንበኛው ሻጭዋን በስሟ አይጠራትም፤ እንደ ዕድሜዋ «ፒ» ወይም «ፓ» ይላታል። «ፒ» ታላቅ እህት ወይም ታላቅ ወንድም፣ «ፓ» ደግሞ ከእናት ወይም ከአባት በዕድሜ የምትበልጥ አክስት ማለት ነው። እኛ የማናውቃትን ሴት «እትዬ» ብለን እንደምናከብራት መሆኑ ነው።

አሠራሩን ልብ ብለው ቢመለከቱ የሻዩ ምሥጢር ይገለጥልዎታል። ሻይ ቅጠሉ የሚገባው እንደ ካልሲ ረዘም ባለ፣ አፉ በሽቦ ቀለበት ተወጥሮ እጀታ በተበጀለት የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነው። የፈላ ውሃ ይፈስበታል። ከዚያም ከረጢቱ ከአንዱ ማንቆርቆሪያ ወደ ሌላው እየተዛወረ ያው ሻይ ደጋግሞ በቅጠሉ ላይ ያልፋል። በዚህ ዓይነት የወጣው ሻይ ለብቻው ቢቀመስ ምላስ የሚያኮማትር ነው። እንዲህ መወፈሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በረዶው ሲቀልጥ ያቀጥነዋልና ነው። ቀጥሎ ሻዩ ገና ትኩስ ሳለ ስኳር ያለበት ወፍራም የቆርቆሮ ወተት ተጨምሮ ይማሰላል፤ በበረዶ በተሞላ ብርጭቆ ላይ ይገለበጣል፤ በመጨረሻም ስኳር የሌለው የቆርቆሮ ወተት ከላይ ይንቆረቆርበታል። ይዞ ለሚሄድ ደንበኛ ደግሞ ከነበረዶው በላስቲክ ከረጢት ተሞልቶ፣ መምጠጫ ገብቶበትና በቀለበት ላስቲክ ታስሮ በጣት ይንጠለጠልለታል። በደቡብ ታይላንድ ሻዩን ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ከፍ አድርጎ እየገለበጡ አረፋ እንዲያወጣ ማድረግም የተለመደ ሲሆን፣ ይህን «ቻ ቻክ» ማለትም «የተጎተተ ሻይ» ይሉታል።

እዚህ ላይ «ለምን የቆርቆሮ ወተት?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው፤ ትኩስ ወተት አልነበረም። ታይላንድ ሩዝና ዓሣ የሚበላባት አገር እንጂ ላም እየታለበች ልጅ የሚያድግባት አገር አልነበረችም። ትኩስ ወተትም በዚያ ሙቀት ግማሽ ቀን ሳይሞላው ይበላሻል። ጌይል ቦርደን የተባለው አሜሪካዊ የወተትን ውሃ አትንኖ የማቆየት ዘዴ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ስኳር ተጨምሮበት በቆርቆሮ የታሸገው ወተት ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት የሚቆይ በመሆኑ ሙቀት ያለባቸውን የእስያ አገሮች ገበያ ሁሉ አዳረሰ። በታይላንድ ዘመናዊ የወተት ላም እርባታ የተጀመረው ከዚህ በጣም ዘግይቶ ነው፤ ከዴንማርክ ጋር በመተባበር በሳራቡሪ ክፍለ ሀገር ሙአክ ሌክ በተባለ ቦታ የተቋቋመው እርሻ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። እንግዲህ የባንኮክ ሻይ ሻጮች ያደረጉት ባላቸው ነገር መሥራትን ነው፤ ጣፋጭነቱም የመጣው ከምርጫ ብቻ ሳይሆን ከቆርቆሮው ነው።

ይኸው ቆርቆሮ ለሻይ ቢጠቅምም በሕፃናት ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሲሊ ዊልያምስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ከታይላንድ በስተደቡብ በምትገኘው በሲንጋፖር «ወተትና ግድያ» የሚል ርዕስ የሰጡትን ንግግር አደረጉ። ጣፋጩ የቆርቆሮ ወተት ለሕፃናት ተስማሚ ነው እየተባለ ለእናቶች መሸጡን ሐኪሟ አጥብቀው አወገዙ፤ ጡት ተከልክለው በዚህ ወተት የሚያድጉ ሕፃናት በምግብ እጥረትና በተቅማጥ እንደሚያልቁም ተናገሩ። የዓለም የጤና ድርጅት ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮች የሚሸጡበትን ሥርዓት የሚወስነውን ደንብ ያጸደቀው ከዚያ ከ42 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ስለዚህ ለሻይ ብለው የገዙት ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ምንም ቢቸግር ለሕፃን ጡት ምትክ ሊሆን አይገባም። ሞግዚት ወይም ሌላ ሰው ልጅ የሚጠብቅልዎት ከሆነ ይህንኑ አስረግጠው ይንገሩ።

ወደ ብርቱካኑ መልክ እንመለስ። ብዙ ሰው ይህ መልክ ከቅጠሉ የሚመጣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ለዚህ ሻይ ተብሎ በሚታሸገው በአብዛኛው ቅጠል ላይ የምግብ ቀለም መጨመሩ ነው፤ በተለይም ሰንሴት የሎ የሚባለውና በአውሮፓ የምግብ መለያ ቁጥሩ ኢ 110 የሆነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ ቀለም የገባበት ምግብ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የልጆችን ጠባይና ትኩረት ሊያውክ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት ታዝዟል። ቀለም ያልገባበት ሻይ በወተት ሲበጠበጥ መልኩ ቡናማ ይሆናል እንጂ የሚጎድለው ጣዕም የለም። በመሆኑም የታይላንዱ ማሸጊያ ባይገኝ ከውሽውሽም ይሁን ከጉመሮ የመጣው የአገራችን ሻይ ቅጠል ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ሻዩን ቻ ዬን የሚያሰኘው የቅጠሉ መወፈር፣ የወተቱ መለስለስና የበረዶው ብዛት ነው።

ለአራት ብርጭቆ የሚከተሉት ያስፈልጋሉ፦

ውሃ 750 ሚሊ ሊትር፤ ደቃቅ ሻይ ቅጠል 4 የሾርባ ማንኪያ፤ ሄል 2 ፍሬ፤ ቅርንፉድ 2 ፍሬ፤ ቀረፋ አንድ ትንሽ ስባሪ፤ ከተገኘ የኮከብ ቅርጽ ያለው ቅመም 1 ፍሬ፤ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት 4 የሾርባ ማንኪያ፤ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ትኩስ ወተት አንድ ስኒ፤ በረዶ አራቱን ብርጭቆ እስከ አፉ የሚሞላ።

አሠራር፦ ውሃው ከቅመሙ ጋር ይፈላል። እንደፈላ ከእሳት ይወርድና ሻይ ቅጠሉ ተጨምሮበት ተከድኖ 5 ደቂቃ ይቆያል። ከእሳት ሳይወርድ ከቅጠሉ ጋር ብዙ እንዲንተከተክ ቢደረግ ይመርራል። ከዚያም በንጹሕ ሻሽ ወደ ሌላ ዕቃ ይጠለላል፤ እንደ ባንኮኮቹ ሁለት ሦስት ጊዜ በዚያው ቅጠል ላይ መልሶ ማጥለል ይቻላል። ገና ትኩስ ሳለ ጣፋጩ ወተት ተጨምሮ ይማሰላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢጨመር እታች ይዘቅጣል። ሻዩ በረድ ሲል በበረዶ በተሞሉት ብርጭቆዎች ላይ ይቀዳል። በመጨረሻም ትኩስ የነበረው ወተት በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ተደርጎ ከላይ ይፈስበታል፤ ነጩ ወደ ቡናማው እየሰረገ ሲወርድ ለዓይንም ያምራል።

በረዶው ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ ቢሠራ ይመረጣል። ውሃ በረዶ ስለሆነ ብቻ በውስጡ ያለው ተሕዋስ አይሞትም።

የቆርቆሮ ወተት ከተወደደ ወይም ስኳሩን መቀነስ ከፈለጉ እቤትዎ ሊያዘጋጁት ይችላሉ። አንድ ሊትር ወተት ከ120 ግራም ስኳር ጋር፣ ማለትም ከ10 የሾርባ ማንኪያ ከሚያንስ ስኳር ጋር፣ አፈ ሰፊ በሆነ ድስት በለስላሳ እሳት ላይ ይጣዳል። እንዳያርር ከሥሩ እየተማሰለ አንድ ሦስተኛ ገደማ እስኪቀር ድረስ ይቆያል፤ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጠርሙስ ተገልብጦ በማቀዝቀዣ ይቀመጥና በሦስት ቀን ውስጥ ይጠቀሙበታል። በጾም ቀን ደግሞ ታይላንዳውያን «ቻ ዳም ዬን» የሚሉትን ወተት የሌለበትን የበረዶ ሻይ፣ ወይም ሎሚ የሚጨመቅበትን «ቻ ማናዎ» መሥራት ይቻላል።

የስኳሩን ነገር በቁጥር ብንመለከተው ይሻላል። በፋብሪካ ከሚዘጋጀው ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ክብደት ከ40 እስከ 45 በመቶ የሚሆነው የተጨመረ ስኳር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት 20 ግራም ያህል ስለሚመዝን በውስጡ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለበት ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ25 ግራም፣ ማለትም ከ6 የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ መልካም መሆኑን አመልክቷል። እንግዲህ በአንድ ብርጭቆ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጣፋጭ ወተት ቢገባ የአዋቂው የቀን ድርሻ በአንድ ብርጭቆ አለቀ፤ የልጅ ድርሻማ ከዚህም ያነሰ ነው። እኛ ከላይ አንድ ማንኪያ ብቻ የመደብነው ስለዚህ ነው። የታይላንድም መንግሥት ጉዳዩ አሳስቦት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ስኳር በበዛባቸው የታሸጉ መጠጦች ላይ ታክስ ጥሏል። በጋሪው ዘንድም ደንበኛው «ዋን ኖይ» ካለ፣ «ጣፋጩን ቀነስ» ማለት ነውና ሻጭዋ ቀንሳ ትሠራለታለች።

ሌላው የሚታሰበው ሰዓቱ ነው። ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት፣ በተለይም ከእህልና ከጎመን የሚገኘው፣ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ነፍሰ ጡሮች፣ ደም ያነሳቸው እናቶችና በማደግ ላይ ያሉ ልጆች ሻይን ከምግብ ጋር ባይጠጡ ይሻላቸዋል፤ የብረት ኪኒን የሚወስዱ ሁሉ ኪኒኑን በሻይ አያወራርዱት። ለትንንሽ ልጆች ሻዩ ቀርቶ ስኳር የሌለበት ወተት ከሁለት ሦስት ጠጠር በረዶ ጋር ቢሰጣቸው ደስታቸው አይጎድልም።

ውድ አንባብያን፤ የባንኮኳ ሻይ ሻጭ የምትሠራው ገበያው በሰጣት ቆርቆሮና ደንበኛው በለመደው ልክ ነው። እርስዎ ግን በገዛ ቤትዎ ነዎት፤ የቅጠሉን ውፍረት እንደ እሷ አድርገው ማንኪያውን እንደ ልጆችዎ ጤና መጥነው ይሥሩት። በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ቢመጣብዎት ከትኩሱ ሻይ ጎን አንድ ማሰሮ ቀዝቃዛ አቅርበው ይሞክሩት።